የአምባቸውን ዓይን ማን ከደነው?

አምባቸው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹ ተገጥመው፣ እጆቹ በግራና በቀኝ ተዘርግተው፣ ዓይኖቹ ተከድነው ተገኘ። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው እንዲህ ተሰናድቶ አይተኛም። መርማሪዋ ታሪኳ ይህን ያየችው ገና ከመኪናዋ እንደወረደች ነው፤ ግን ዋጥ አደረገችው።

እሑድ ጠዋት ነው፤ በዚህ አገር የሥራ ሳምንት መጀመሪያ። ዐጋሚም በተባለው ሰፈር ውስጥ፣ ገና በመሠራት ላይ ባለ ሕንፃ ሥር፣ ሬሳውን ያገኘው ዘበኛው ነበር።

«ነክተኸዋል?» አለችው።

«እኔ? ከአጥሩ ወዲያ አላለፍሁም! ደሙን ከሩቅ አይቼ ደወልሁ።»

ጫማውን አየችው። አምባቸው የወደቀበት መሬት ነጭ ብናኝ ለብሷል፤ በዘበኛው ጫማ ላይ ግን አንድም የለም። አመነችው።

እሱንና ከሷ በኋላ የደረሱትን የአምቡላንስ ሰዎች ጠርታ አስጠነቀቀች። «ለጠየቃችሁ ሁሉ፣ ቆስሎ ሆስፒታል ሄደ በሉ። ሚስቱ በቀለች መርዶዋን ነገ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌ አፍ ትሰማለች እንጂ በስልክ አትሰማም።» መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ባሕር ተሻግሮም አልተለወጠ።

የሥራው ኃላፊ ኦሃድ ጨብጧት ከቢሮው አስገባት።

«የኔ ሠራተኛ አይደለም» አለ በዕብራይስጥ፣ ገና ሳትጠይቀው። «አጽማኢ ነው፣ የራሱ ጌታ። በቃብላኑ፣ በተቋራጩ በአቻምየለህ በኩል ይመጣል፣ ግድግዳ ይለስናል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ግብሩንም ራሱ ይከፍላል። ዕዳ ነበረበት አሉ። ራሱን ወርውሮ ይሆናል።»

«ማን አለ?»

«ሲወራ ሰማሁ።»

ቀጥሎ ባራክ ገባ፤ ከአምባቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ የሚለስን ወጣት። ኖራ በነካው እጁ ጨበጣት።

«እትዬ ታሪኳ፣ ይድናል ወይ?»

«ሐኪም ያውቃል። ተጣልታችሁ ነበር?»

«ተሰዳደብን እንጂ አልተጣላንም። እኔ ሳኺር ነኝ፣ የወር ደመወዝተኛ። ስምንት ሺህ ሼቄል እጄ ይገባል። እሱ በደረሰኝ አሥራ ሦስት ሺህ እየቆረጠ ‹አንተ የሰው አሽከር› ይለኛል። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ‹ና እስቲ እንተሳሰብ› አልሁት። ግብሩን ቀነስን፣ የመንግሥቱን መድን ቢቱዋሕ ለኡሚውን፣ የሒሳብ ሠራተኛውን፣ ቤንዚኑን። ለኔ ጡረታ አሠሪዬ ይጨምራል፤ እሱ ሁሉን ከኪሱ። እኔ ታምሜ ብተኛ ይከፈለኛል። የቲሽሪ ወር ሲመጣ፣ በዓል በበዓል ላይ ሲደራረብ፣ እኔ እየበላሁ ይከፈለኛል፤ እሱ ባዶ! ዓመቱን ብናካፍለው ከኔ አንሶ ቁጭ።»

«ምን አለ?»

«መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ ሳቁ ጠፋ። ‹ሰዓቴን የሚቆጥረው አቻምየለህ፣ መሣሪያው የአቻምየለህ፣ ሌላ ዘንድ አትሥራ የሚለኝም አቻምየለህ። ታዲያ የቱ ላይ ነው ጌታ የሆንሁት?› አለ። ሳኺር ነበርሁ ብሎ ፍርድ ቤት ሊሄድ ቆረጠ። ግን አቻምየለህ የሚስቱ አጎት ናቸው፤ ‹ሳልነግራቸው አልከስም› አለኝ።»

አቻምየለህ ከውጭ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ጠራራ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። እጇን ብትዘረጋ የሳቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ጉንፋን ይዞኛል ልጄ።»

«ከፀሐዩ ገባ ይበሉ አባ።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

ባራክ ውሃ በኩባያ ይዞ መጣ። ኩባያውን አልተቀበሉም፤ በእፍኛቸው አስፈስሰው ጠጡ።

«ምነው አባ፣ ሐሙስ የኔን ቡና ከኔው ኩባያ ሲጨልጡ ጉንፋን አልነበረም?» ሲል ቀለደባቸው። ሽማግሌው አልሳቁም።

«አምባቸውን መቼ አዩት?» አለች ታሪኳ።

«ሐሙስ። ዛሬ ስመጣ ቆስሏል አሉኝ። እግዜር ይማረው።»

በማግስቱ መርዶው ተነገረ። በቀለች ቤት ሥር፣ በማሽካንታ፣ በባንክ ብድር ገዝተው ዕዳውን ገና ሩቡን ካልከፈሉለት ሕንፃ ፊት፣ ድንኳን ተተከለ። ሰው ሞልቷል፤ ልቅሶው ግን ቀዝቅዟል። ራሱን ከፎቅ ጣለ የሚለው ወሬ ከመርዶው ቀድሞ ገብቶ ነበርና ሴቶቹ በነጠላቸው ውስጥ ይንሾካሾካሉ።

በቀለች የታሪኳን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «እህቴ፣ ባሌ ራሱን አልጣለም። ልጆቼ ‹አባታቸው ራሱን የገደለ› እየተባሉ ሊያድጉ ነው? እውነቱን ካገኘሽ እዚሁ፣ ሰው ፊት ተናገሪው።»

ታሪኳ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆመች። ከውስጥ ኦሃድና ባራክ ተቀምጠዋል። ከውጭ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አቻምየለህ ብቻቸውን።

«ከፎቅ ዘልሎ የሞተ ሰው ዓይኑን አይከድንም፣ እግሩን አይገጥምም» አለች። «ከሞተ በኋላ ያሰናዳው ሰው አለ፤ ያውም የአገራችንን ወግ የሚያውቅ። ስለዚህ ኦሃድን ተውሁት። ባራክን ጠረጠርሁ።»

«እኔን?» ባራክ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል። አምባቸው መሞቱን ትናንት ያወቅነው እኔ፣ ዘበኛውና የአምቡላንሱ ሰዎች ብቻ ነን። አንተ ጨበጥኸኝ፣ ‹ይድናል ወይ› አልኸኝ። አንድ ሰው ግን እንደ ቆሰለ ሰው ዘመድ አልሆነም። በኦሪቱ ሕግ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ሰው አይጨብጥም፣ ቤት አይገባም፣ ከሰው ዕቃ አይጠጣም። እዚህ አገር ወጣቱ ትቶታል፤ አባ አቻምየለህ አልተዉትም። ጠራራ ላይ የቆሙትም፣ በእፍኝ የጠጡትም፣ ዛሬም የእህታቸው ልጅ ስታለቅስ ድንኳኗን ያልረገጡት ለዚህ ነው። ቆስሏል በተባለ ሰው ማን ይረክሳል? እኔን ዋሹኝ፤ ሕጉን ግን መዋሸት አልሆነላቸውም።»

ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ዞረ። ሽማግሌው ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከሩ።

«አጎቴ፣» አለች በቀለች፣ «እውነት ነው?»

«ትናንት በጠዋት ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጠበቀኝ። ‹አክብሬዎት ነው ቀድሜ የምነግርዎት፣ እከስዎታለሁ› አለኝ። እሱ ሳኺር ነበር ከተባለ ሌሎቹም ይነሣሉ። ያልከፈልሁት ጡረታ፣ ያልከፈልሁት ዕረፍት፣ ሁሉም በላዬ ይወርዳል። ክፋር ዮና ያለችው ቤቴ ትሸጣለች። ደረቱን ገፋሁት። አንዴ። ከኋላው መከታ አልነበረም። ወርጄ ስደርስ ትንፋሽ የለም። እንዲያው ዓይኑ ፈጦ ልተወው አልቻልሁም።»

«ራሱን ጣለ የሚለውንስ ማን አወራው?» አለች ታሪኳ።

«እኔው ነኝ።»

ታሪኳ ካቴናዋን አወጣች። በቀለች ከተቀመጠችበት ስትነሣ ሰው ሁሉ ሄዳ አጎቷን ፊታቸውን የምትቧጭር መሰለው። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጠቻቸውና ወደ ድንኳኑ ዞረች።

«ሰማችሁ?» አለች። «ባሌ ሥራ ላይ ተገደለ እንጂ ራሱን አልገደለም። በሉ አሁን አልቅሱለት!»

ያን ጊዜ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ፤ ድንኳኑም አንድ ላይ ጮኸ።