የሸክላው ፎቅ

ልጆቼ፣ መሀል ሲያትል ፓዮኒር አደባባይ የሄዳችሁ ጊዜ ቀና ብላችሁ ያን ጫፉ የሾለ ነጭ ፎቅ እዩልኝ፤ ስሚዝ ታወር የሚሉትን። በዙሪያው ያሉት የቀይ ጡብ ቤቶች የድሮው የእንጨት ከተማ ከተቃጠለ በኋላ የተሠሩ ናቸው። እሱ ከነሱ ሁሉ ኋላ መጥቶ በላያቸው ቆመ። እኔ የኔነሽ በዚያ ፎቅ አሥራ አንድ ዓመት ወለል ወልውያለሁ። የሐሴትንና የታምራትን ፍቅር ያየሁትም እዚያው ነው።

ሐሴት የጓደኛዬ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት «ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳታነሺ» ብላኛለች። ሥራዋ ሊፍት መንዳት ነበር። አትሳቁ፤ የዚያ ቤት ሊፍት በሩ የነሐስ፣ የሚነዳውም በእጅ ነው። ቱሪስቱን ሠላሳ አምስተኛ ፎቅ ታወጣለች፤ እግረ መንገዷን የቤቱን ታሪክ ትነግራቸዋለች።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ አንድ፣ የካቲት በእመቤታችን ቀን ምድር ተንቀጠቀጠች። የአደባባዩ ጡብ እየተፈነቀለ መንገድ ላይ ወረደ። ሐሴት ላይ እያለች ፎቁ ተወዛወዘ፤ ግን ቆመ። በሳምንቱ የፈረሰውን የሚጠግኑ ግንበኞች መጡ። ታምራት ከነሱ አንዱ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ኖራ የነካው ጫማውን አራግፎ ሊፍቷ ውስጥ ገባ። ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ባሕሩን ያያል፤ እሱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ የውጪውን ግድግዳ በጣቱ ያንኳኳል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«እያዳመጥኩት ነው። ሸክላ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ ይታፈናል። እናቴ እንስራ የምትሸጠው እንዲህ አንኳኩታ ነው።»

«እናትህ ሸክላ ሠሪ ናት?»

«ናት። ልትሸሺ ነው?»

 ሐሴት ጠጋ ብላ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች።

«ይኼ ደህና ነው» አለችው።

እዚያ ላይ አንድ የተቀረጸ ወንበር አለ። ያላገባች ሴት ከተቀመጠችበት በዓመቱ ታገባለች ይላሉ። ታምራት በወጣ ቁጥር በወንበሩ ይተነኩሳታል።

«ሐሴት፣ ዛሬም አትቀመጪም?»

«ባሌን ወንበር አይመርጥልኝም።»

«እኔን ግን ትንሽ ቢያግዘኝ አልጠላም።»

ሳቋን በነሐሱ በር ትዘጋበታለች። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሲደርስ ታምራትን ለብቻው ጠራሁት። የሐሴት አባት ዘመድኩን ባለታክሲ ነው፤ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘር ነው። «እናቴ ነጋዴ ናት በልና ይለፍ» አልኩት።

«እትዬ፣ እንስራ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። እናቴን ደብቄ ሚስት አላገባም» አለኝ።

አፈርኩ። ለዚህ ነው ሴት ሆኜ ሽማግሌ ልሁን ያልኩት።

እሑድ ከሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከአቶ ሙላውና ከአቶ አበጀ ጋር፣ ስካይዌይ ሰፈር ዘመድኩን ቤት ሄድን።

«ሴትም ሽማግሌ መሆን ጀመረች?» አለ በሩን ከፍቶ።

«ሽበት ካለ ይበቃል» አልኩት።

ተቀመጡ ቢለንም አልተቀመጥንም። ወጉ ነው፤ እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም። አቶ ሙላው የልጁን እናት ሥራ ሳይደብቅ ጉዳያችንን ተናገረ። ዘመድኩን ሶፋው ላይ ተመቻችቶ ሰማውና፣

«ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው። ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። የኔ ዘር ከነሱ ጋር ማዕድ ቆርሶ አያውቅም። ከፈለጋችሁ እስከ ፋሲካ ቁሙ» አለ።

ያኔ ሐሴት ከጓዳ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ መጣች። በእኔና በአቶ ሙላው መሀል ገብታ ከአባቷ ፊት ለፊት ቆመች። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? ሂጂ ግቢ።»

«እኔም ቆሜያለሁ አባዬ። እኔም እሺ አልተባልኩም።»



«ዘመድኩን» አልኩት፣ «ምድር የተንቀጠቀጠች ቀን ታክሲህን መሀል መንገድ ጥለህ ስትመጣ ከፎቁ ሥር ቆሜ ነበር። ሽቅብ እያየህ ምን ነበር ያልከው?»

ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ።

«እመብርሃን አቁሚልኝ ነው ያልከው» አልኩት።

«አቆመችልኝ። ተመስገን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ሐሴት ያን ለቱሪስት የምታወራበትን ድምፅ አወጣች።

«ያ ፎቅ፣ አባዬ፣ ውስጡ ብረት ነው። ላዩ ከሦስተኛው ፎቅ እስከ ጫፉ ሸክላ ነው። አጥንቱ የቀጥቃጭ ሥራ፣ ቆዳው የሸክላ ሠሪ። እመብርሃን ሰምታሃለች፤ የሰማችህ ግን በነሱ እጅ ነው።»

ዘመድኩን ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። አቶ አበጀ ምርኩዙን ጨበጥ አደረገ እንጂ አልተቀመጠም። ሐሴት ዓይኗን ከአባቷ አልነቀለችም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ተቀመጡ።»

ሦስታችን ተቀመጥን። እሷ አልተቀመጠችም።

«አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«እሱ ቀርቷል። ውጪ ፓርክ አድርጎ መኪና ውስጥ ነው። ማዕድ ቆርሰን አናውቅም ብለሃል። ዛሬ ይቆረሳል።»

አቶ ሙላው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ በሽምግልና ቀን እጮኛ አይገባም። ወግ አይደለም።»

«የሰው እናት መናቅስ ወግ ነው እንዴ ጋሼ?»

 ዘመድኩን ልጁን ብዙ አያት። ጫማውን ፈልጎ አደረገና ወጣ።

በመስኮት በዓይናችን ተከተልነው። መንገዱን ተሻገረ፣ ጎንበስ አለና የመኪናውን መስታወት በጣቱ አንኳኳ።

እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሴቶች ዛሬም አሉ ይሉኛል። ይቅናቸው። የኔዋ ሐሴት ግን ባሏን ያገኘችው ቆማ ነው።