በአባባ መደርደሪያ ላይ የበራው ፎቶ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የማወራችሁ ሰው የነገረኝን ሳይሆን ዓይኔ ያየውን ነው።

ደግሞ በሌሊት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ... ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ካን ቶ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ቤት ውስጥ።

ሉዋ እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ታናሽ ወንድሜ ቪን፣ ሃው በሚባለው ወንዝ ላይ አሸዋ በሚጭን ጀልባ ይሠራል። እረፍት ሲሰጡት ይመጣል፣ ካልሰጡት ድምፁን ብቻ እንሰማለን።

እማ "አንድ ዓይኔ" ትለዋለች። እኔ የትኛው ዓይን እንደሆንኩ ጠይቄያት አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው በእርጥበት ነው።

የሞተው አባታችን ፎቶ፣ እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ፣ ዕጣንና ምግብ የምናቀርብበት የሙታን መደርደሪያችን ላይ ከዕጣን መትከያው ኋላ ተቀምጦ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ከመስታወቱ ሥር ሻጋታ ገባ። መጀመሪያ ኮሌታውን በላው... ከዚያ አገጩን...

አፉ ጋ ሲደርስ እማ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

"ወረቀት እዚህ አገር አይበረክትም፣ ዲጂታል ፍሬም እገዛለሁ" አልኳት።

የሱቁ ሰውዬ አፈ ቅቤ ነው።

"ይቺን ትልቋን ውሰጂ፣ ዘፈንም ታሰማለች።"

"ለአባቴ ነው።"

"እሰይ፣ ሽማግሌ ዘፈን ይወዳል።"

"ሞቷል።"

ትልቋን መለሰና ድምፅ የሌላትን አወጣልኝ።

እኔም የዋዛ አይደለሁም፣ አገላብጬ አየኋት። የምትቆመው በቁመት ነው፣ የአባባ ፎቶ በቁመት ነውና። መስታወቷ አያብለጨልጭም። ፎቶ ከየትኛውም የቤተሰብ ስልክ በኢንተርኔት ይላክላታል። አንድ ጉድለቷ የራሷ ባትሪ የሌላት መሆኑ ነው፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካች አትሠራም። ወደድኳትና ይዣት መጣሁ።

እማ ረጅም ሰዓት አየቻት።

"ሕያው ሰው እንዳይገባባት" አለችኝ በመጨረሻ።

"እሺ እማ።"

"እሺ አትበይኝ፣ ስሚኝ። እዚያ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ፊት የሞተ ሰው ፊት ነው። የሕያው ሰው ፎቶ ከወጣ... ከእነሱ ጋር ይቆጠራል።"

ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ነገር ስለሆነ አልተከራከርኳትም።

ከአባባ ሌላ ማንንም አላስገባሁም። ግን ጥሩ ጥሩዎቹ የአባባ ፎቶዎች ያሉት ቪን ስልክ ላይ ነበር፤ ስለዚህ የፍሬሟን መላኪያ ቁጥር ሰጠሁት።

"አባባ ቴሌቪዥን ሆነ በይኛ" ብሎ ሳቀብኝ።

"የአባባን ብቻ ላክ። ያንተን መልክ ማየት የሚፈልግ የለም።"

"መልኬማ ለመደርደሪያ አይደለም እትዬ፣ ለሠርግ ካርድ ነው።"

የአባባን ላከ። አባባ ዓሣ ሲያጠምድ፣ አባባ ባርኔጣ አድርጎ፣ አባባ ከሰው ውሻ ጋር ሲጣላ። እማ ሥራ ስትፈታ እየሄደች ታየው ጀመር። አንጀቴ ራሰ።

ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ሙቀቱ ሌላ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ምሳውን በልቶ ተኝቷል። እኛ ገና አልበላንም፣ ዓሣው የሸክላ ድስቱ ውስጥ እየተንተከተከ ነው። እኔ ስፌቴ ላይ ነኝ።

ቀና ስል እማ መደርደሪያው ፊት ቆማለች። አትንቀሳቀስም።

"እማ?"

"ዝም በይና ነይ" አለች በሹክሹክታ።

ሄድኩ።

ፍሬሙ ላይ የነበረው አባባ አልነበረም... ቪን ነበር።

ጀልባው ላይ ቆሞ ይስቃል። ከኋላው ቡናማው ወንዝ ይታያል።

"ይሄ ጥጋበኛ" አልኩ። "ለቀልድ ነው የላከው እማ።"

"አውጪው።"

ስልኬን አንስቼ ሰረዝኩት። አባባ ተመለሰ። እማ ተነፈሰች።

ስፌቴ ጋ ሳልደርስ "ሉዋ" አለች።

ቪን ተመልሷል። ያው ፎቶ ነው... ያው ጀልባ፣ ያው ወንዝ። ግን አይስቅም። አፉ ገጥሟል።

"ሌላ ፎቶ ነው የላከው" አልኳት።

"ተመልከቺ እስቲ ልጄ። እጁ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።"

ተመለከትኩ። አልተንቀሳቀሰም። ሰረዝኩት... ጣቴን ሳላነሳ ተመለሰ።

አሁን ወንዙ የለም። ጀልባውም የለም።

ከኋላው ነጣ ያለ ሰማያዊ መጋረጃ አለ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቁልፉ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ትከሻው ቀጥ ብሏል።

የሙታን ፎቶ እንዲህ ነው የሚነሳው። አባባ ሳይሞት ለመደርደሪያው ብሎ ፎቶ ቤት ሄዶ የተነሳው እንደዚሁ ነው። ሽማግሌዎች እንዲህ ይነሳሉ፣ ጎረምሳ አይነሳም። ቪን ነጭ ሸሚዝም የለውም።

"ደውይለት" አለች እማ።

ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው።

ለጀልባው አለቃ ለጋሽ ታም ደወልኩ። ሞተሩ እየጮኸ በግድ ሰማኝ።

"ቪን? እናቴን አያለሁ ብሎ ዛሬ ጠዋት ወርዷል። እስካሁን አልደረሰም?"

"ስልኩ አይሠራም ጋሽ ታም።"

"እንዴት ይሥራ? ሰሞኑን ወንዝ ውስጥ ከተተው እኮ። ያን ዕለት ያለቀሰው ልቅሶ..."

ስልኩን ዘጋሁት። እማ ሁሉንም ሰምታለች። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ፊቷ አመድ መሰለ።

ታዲያ ማን ነው የሚልከው?

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ፍሬሙ ጠፋ። ጥቁር መስታወት ብቻ ሆነ። ሁለታችንም እዚያው ቆመን ቀረን፣ ምን እንደምንጠብቅ እንኳ አናውቅም። እኔ በልቤ አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር... ይምጣ። ብቻ በሩን ከፍቶ ይግባ።

የግቢው በር ተከፈተ።

"እትዬ?"

ቪን ነው።

እማ ሮጣ አቀፈችው። ልቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ጀርባውን ዳበሰችው። እኔ ከደስታዬ ብዛት ልሰድበው ቃል አጣሁ።

ከዚያ ነው ያየሁት...

ፀጉሩ ረጥቧል። ወደ ጎን ተበጥሯል። ውጭ ፀሐይ ድንጋይ ታቀልጣለች።

ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

"የማን ሸሚዝ ነው?" አልኩት።

"የኔ ነዋ" አለ ቀስ ብሎ።

እማ እጇን ከጀርባው ላይ አነሳች። የረጠበ መዳፏን አየችውና ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

ቪን ወደ መደርደሪያው ዞረ።

"ለምን አጠፋችሁት?"

እማ ወደ ድስቱ ሄደች።

"ምሳ ደርሷል" አለች እማ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

ተቀመጥን። ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ዓሣውን ከላይ አደረገችበት፣ ሆዱን፣ እሱ የሚወደውን። ቪን ዓሣ ፊት ትዕግሥት ኖሮት አያውቅም። አሁን ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሳህኑን ያያል።

"ብላ እንጂ" አልኩት።

"እየጠበቅኩ ነው።"

"ምኑን?"

ዓይኑ ከሳህኑ አልተነሳም። የራበው ሰው ዓይን ነው... እንዲህ ርቦት አይቼው አላውቅም።

ወደ እማ ዞርኩ። እንባዋ ይወርዳል።

"እማ... ምን ሆኗል?"

"ርቦታል" አለች በሹክሹክታ። "ልጄን ርቦታል።"

ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሦስት የዕጣን ስንጥር ይዛ መጣች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባኝ እጇን ያዝኳት።

እኛ ዘንድ ሕያው ሰው ሲቀርብለት ይበላል። የሞተ ሰው ግን ዕጣን ተለኩሶ ካልተጠራ ምግቡን አይነካም።

"እማ አታድርጊው። ካደረግሽው..."

"ልቀቂኝ ሉዋ።"

ለቀቅኳት።

ክብሪቱን ጫረች። ሁለት እንጨት ጠፋባት። ስንጥሮቹ ሲጨሱ የቪን ሩዝ ውስጥ ተከለቻቸው፣ መሃል ላይ።

"ና ብላ ልጄ" አለችው።

ቪን ፈገግ አለ። የመብያ እንጨቶቹን አነሳ።

ይጎርሳል... ያኝካል... ይውጣል። ደግሞ ይጎርሳል። ከፀጉሩ የሚወርደው ውኃ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሳህኑን አየሁት። አንዲት ፍሬ አልጎደለችም።

እማ ጭልፋውን አንስታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ልጨምርልህ?" አለችው።