የተዘጋው የሕፃናት ክፍል

ታላቁ ጦርነት ካበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በወንዙ ላይ የፈረሰው ድልድይ ተጠግኖ መንገደኛ መተላለፍ በጀመረበት ሰሞን፣ የሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል በር ለወላጆች ገና እንደተዘጋ ነበር፤ በወረርሽኙ ጊዜ የወጣው ደንብ ወረርሽኙ ካለፈም በኋላ የሚሽረው አላገኘምና፣ እናቶች እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ከመስታወት ባሻገር አይተው ይመለሱ ነበር።

የክፍሉ ኀላፊ ሹማምንቱ «ሲስተር»፣ ልጆቹ ግን «እቴቴ» የሚሏት አስታማሚ ነበረች። አራሱን ሕፃን ጡጦ ስታጠባው ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው፤ የአምስት ዓመቱን «መርፌው ያማል፤ ቶሎ ግን ያልፋል። የታመምከው አጥፍተህ አይደለም» ትለዋለች፤ ጎረምሳ ሊሆን ላለው መጋረጃ ትስብለታለች፤ ዕፍረቱን ታውቃለችና። የሚከብዳት የሁለት ዓመቱ ነው። እሱ «ነገ» ቢሉት አይገባውም፤ እናቱ ከዐይኑ ከራቀች፣ ለእሱ የለችም።

አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ጭኑ ተሰብሮ ገባ። እግሩ በገመድ ወደ ላይ ተሰቅሎ ድምፁ እስኪዘጋ አለቀሰ፤ ከዚያ ድንገት ዝም አለ። የሰጡትን ይውጣል፤ የቀረበውን ሰው ሁሉ አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

«ተመስገን፣ ለመደ» አለች የክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ።

ቃሉ አስታማሚዋን ልቧ ላይ ወጋት። በጦርነቱ መጀመሪያ ባሏ ሲሞት፣ እሷም ወደ ቁስለኞች ሆስፒታል ስትታዘዝ፣ የሁለት ዓመት ሴት ልጇን ከወንዙ ማዶ ለታላቅ እኅቷ ሰጥታ ነበር። መንገዱ ከተቆረጠ በኋላ በመንገደኛ የደረሳት መልእክት «ለምዳለች፤ አሳብ አይግባሽ» የሚል ነበር፤ በዚያች ቃል ስትጽናና ኖረች። አሁን ድልድዩ ተሠርቶ ሳለ እንኳ «ሥራ በዛብኝ» እያለች ጉዞውን ስታራዝም፣ የምትፈራውን ነገር ለራሷም አልተናገረችም።

ወደ ሆስፒታሉ አዛዥ ወደ ሻለቃ ሐኪሙ ገባች።

«ክቡር ሻለቃ፣ የዚህ ልጅ እናት ትግባለት።»

«እኔም ቢገባኝ ደንቡን ያወጣው የበላይ ነው፤ የምጠየቀው ግን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እናቲቱን ልብስ አጣቢ አድርገው ይቅጠሩልኝ።»

«ልብስ አጣቢ ጎድሎናል እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ጎድሎናል።»

ሻለቃው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሠራተኛ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ የለም» አሉ።

እናቲቱ ሽርጥ አሸርጣ፣ የተጣጠፈ አንሶላ ታቅፋ ገባች። ልጁ አያት፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ረሳኝ» አለች እናት፣ አንሶላው ከእጇ እየተንሸራተተ።

«አልረሳሽም፤ ተቀይሞሽ ነው። ሰው የሚቀየመው የሚወደውን ነው። አጠገቡ ተቀመጪ፤ አትለማመጪው።»

ወደ ማታ ልጁ የእናቱን ጣት ያዘ፤ ያዘና ፎቁን እስኪያናውጥ አለቀሰ። ጽዳት ሠራተኛዋ «ይኸው አበላሸችው» ስትል፣ አስታማሚዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ እንባዋን ጠረገች።

በሳምንቱ ፈቃድ ጠይቃ ድልድዩን ተሻገረች። መንገዱን ሙሉ ስታስብ የነበረው ኩርፊያውን ነበር፤ ልጄ ፊቷን ብታዞርብኝ ምን እላታለሁ፣ እንዴት አባብላታለሁ ስትል፤ የእኅቷን ቤት በር ሰባት ዓመት የሆናት፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከፈተችላት።

«እንደምን ዋሉ? ይግቡ፤ እማዬ ጓሮ ናት» አለች ልጅቷ በትሕትና፤ ወንበርም አቀረበችላት።

ኩርፊያ አልነበረም። በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ ኩርፊያውን ውሃ እንደ ጠማው ሰው ተመኘችው።

እኅቷ እጇን እያደራረቀች ገባች፤ ነገሩ ገብቷት ቆመች። ልጅቷን ወደ ደጅ ከላከች በኋላም፣ «ልጅሽ ናት፤ ውሰጃት። አልከለክልሽም» አለች።

አስታማሚዋ የተነጠቀ ልጅ ምን እንደሚሆን በዐይኗ አይታለች፤ ያንን በገዛ እጇ ማድረግ አልሆነላትም።

«የወለድኳት እኔ ነኝ» አለቻት፤ «ሌሊት ብትባንን የምትጣራው ግን አንቺን ነው። አክስትሽ ናት በያት፤ ሲገባት እነግራታለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር እንደ አክስት እየመጣች፣ ጠጉሯን እየሠራችላት ኖረች። ልጅቷ ለዐቅመ ሔዋን ስትደርስ እውነቱን ነገሯት፤ አልቅሳ የአስታማሚዋን ጉልበት ሳመች፤ ሆኖም እንደ እናት «አንቺ» ለማለት አንደበቷ እሺ አላላትም።

የሕፃናት ክፍሉ «ልብስ አጣቢዎች» በዝተው በዝተው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደንቡ ተሻረ። የዘመኑ መዛግብት ይህን የሻለቃ ሐኪሙ ሥራ ይሉታል፤ ሹመትና ሜዳይም አገኙበት፤ አይበዛባቸውም፣ ደፍረዋልና። ስለ አስታማሚዋ የተጻፈ ነገር የለም። ልጇ ግን አድጋ ወልዳ፣ የበኩር ልጇ በታመመ ጊዜ በዚያው ፎቅ ከአልጋው ጎን ወንበር ስባ አደረች፤ በሩ ድሮም እንዲሁ ክፍት የነበረ መስሏት ነበር፤ ተዘግቶ እንደነበረም የነገራት አልነበረም።