የሞጣው ማሲንቆና የጀርመን ሸክላ

ባዘዘው አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ አንድ የአረቄ መለኪያ ቆሟል፤ ከአልጋው ሥር የፀረ ተባይ ብልቃጥ ወድቋል፤ ራሱ የጠገነው አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ አሁንም ይዞራል። የቢቸና ሰው ለመፍረድ ምርመራ አይጠብቅምና ረፋዱ ላይ «የፊዚክስ መምህሩ የፈረንጅ ዘፈን እየሰማ ራሱን አጠፋ» የማይል አልነበረም።

ኢንስፔክተር ይርገዱ ከሞጣ ተጠርታ ስትደርስ በሩ ላይ የጠበቋት እናቱ ወይዘሮ አገሬ ናቸው። የመሪጌታ መበለት ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ራሱን ካጠፋ ፍትሐት አይገባውም አሉኝ» አሉ። «በደጀ ሰላም ያሳደግሁት ልጅ ያለ ጸሎት አፈር ይግባ? እውነቱን ብቻ ንገሪኝ ልጄ፤ ሌላ አልለምንሽም።»

አጠገባቸው የቆሙት መምሬ ኃይለ ሚካኤል አንገታቸውን ደፉ። «ሥርዓቱ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? ቀብሩ ከሰዓት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እኛ ግን የምናድርበት ጊዜ የለንም፣ አባ» አለች ይርገዱ፤ ወደ ውስጥም ገባች።

ሐኪሙ መርዝ መሆኑን አረጋግጧል፤ ማን እንዳጠጣው መንገር ግን የሐኪም ሥራ አይደለም። ይርገዱ ጠረጴዛውን አየች፤ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ አጎንብሳ ከአልጋው ሥር ተመለከተች። መለኪያው አለ፤ አረቄው የተቀዳበት ጠርሙስ ግን የትም የለም። ሚስማር ላይ ሄድፎን ተንጠልጥሏል፤ ሽቦው ከማጫወቻው አልተነቀለም።

«መጀመሪያ ስትገባ ሸክላው ምን ይል ነበር?» ብላ ቀድሞ የደረሰውን ፖሊስ ጠየቀችው።

«ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

የሸክላውን ሽፋን አነሳች። «ኖርድጋሰ» የሚባል፣ ስሙን ሰምታው የማታውቀው የጀርመን ሮክ ባንድ አልበም ነው። አራት ፈረንጆች በሞጣ መናኸሪያ ዝናብ እየደበደባቸው ቆመዋል። አምስተኛው ሰው ማሲንቆ ይዞ ጀርባውን ሰጥቷል።

ብሩክታይት የባዘዘው እጮኛ ናት፤ ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ። ዓይኗ አብጧል።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ይርገዱ።

«ተጣልተናል። በዚሁ አልበም ነው የተጣላነው። ጀርባውን የሰጠው ባዘዘው ነው።»

«ለምን ጀርባውን ሰጠ?»

«የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነ እንዳይባል። አባቱ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ፈረንጆቹ ለጉብኝት መጥተው ሞጣ ላይ ዝናብ ያዛቸው፤ ሲጫወት ሰምተው ቀዱት። እሱ ግን ስሜን አትጻፉ፣ ፊቴን አታንሡ አላቸው። አልበሙ ሲወጣ በአገራቸውም ዞር ብሎ ያየው የለም፤ ባንዱም ተበተነ። ዘንድሮ ወጣቶቹ ከተረሳበት አወጡትና ወደዱት። ባንዱ እንደገና ሲሰባሰብ የሞጣውን ማሲንቆ መቺ ጋበዙ።»

«ባዘዘውን?»

«ዘመነን። ያን ቀን አስተርጓሚያቸው ነበር። ‹እኔ ነኝ› አላቸው፤ ዓመታት አልፈዋል፣ ከፎቶው በቀር የያዙት የለም፤ ጀርባን ከጀርባ ማን ይለያል? ማሲንቆም ይሞካክራል። ባዘዘውን ተናገር ብለው እምቢ አለኝ፤ ተጣላን። በኋላ ግን ልቡ ተመለሰና ለዘመነ ደውሎ፣ ‹ለእናቴ ልነግራት ነው፤ ከዚያ ለፈረንጆቹ እጽፋለሁ› አለው። እኔ ነኝ የገፋፋሁት።»

ጠዋት ባዘዘውን መጀመሪያ ያገኙት የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ናቸው፤ ክፍላቸው ከግቢው ማዶ ነው። ጥቁር ቀሚሳቸው ለባዘዘው የተለበሰ አልነበረም፤ ታጥቦ ታጥቦ ነጣ ብሏል።

«ሄድፎኑን ሚስማር ላይ የሰቀሉት እርስዎ ነዎት፣ እማማ?»

«እኔ ነኝ። ከጆሮው አውልቄ ዓይኑን ጨፈንሁለት።»

«ማታ ምን ሰሙ?»

«ምንም። ልጄን ከቀበርሁ ወዲህ በዚህ ግቢ ምንም ተሰምቶ አያውቅም።»

ፖሊሱ ይህን ቃል ጠዋት ሰምቶ ንቆታል። ይርገዱ ግን አልናቀችውም።

ዘመነ ለለቅሶ ከሞጣ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ከባዘዘው እናት በላይ ያለቅስ ስለነበር ሰው ሁሉ ያዝንለታል።

«ትናንት ሲመሽ ቢቸና መናኸሪያ ታይተሃል» አለችው።

«አልክድም፤ ልጠይቀው መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ሸክላውን ለቆታል፤ ማሲንቆው መንገድ ድረስ ይሰማል። ባንኳኳ ባንኳኳ አልከፍት አለኝ፤ ተመለስሁ። ለካ ያኔ ነው መርዙን የጠጣው።»

«ከትናንት በፊት እዚህ ግቢ ከመጣህ ቆይተሃል?»

«ቪዛ ለመጨረስ አዲስ አበባ ከርሜ ነው። ሁለት ወር ይሆነኛል።»

ይርገዱ አመስግናው ወጣች። ከዚያም ሁሉንም በባዘዘው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ አገሬ ሬሳው ካለበት አልጋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላው ቆመ።

«ሸክላው ጠዋት እንደተገኘው ነው» አለችና መርፌውን አሳረፈች። ሸክላው ዞረ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ዘመነ፣ መንገድ ድረስ የሰማኸው ይህንን ነው?»

ዘመነ ሄድፎኑን አየ፤ ሽቦውን በዓይኑ ተከተለ።

«እማማ፣ ይንገሩት» አለች ይርገዱ።

«ልጄ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም» አሉ ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል። «ሐዘን ባለበት ግቢ ዘፈን አይከፈትም። ባዘዘው ለኔ ብሎ ነው ይህን የጆሮ ነገር የገዛው። አንድ ቀን ድምፅ አላሰማኝም።»

«ከጎረቤት ይሆናል የሰማሁት» አለ ዘመነ።

«ባዘዘው ማሲንቆ የመታበት የጀርመን ሸክላ ቢቸና ውስጥ ስንት ቤት አለ?»

ወደ ራስጌው ጠረጴዛ ዞረች።

«እዚህ ያለው መለኪያ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ የለም» ብላ ቀጠለች። «ራሱን የሚያጠፋ ሰው ጠርሙስ ደብቆ አይተኛም። አረቄውን ያመጣ ሰው ግን ይዞት ይሄዳል። አጠጣኸው፤ ብልቃጡን ከአልጋው ሥር ጥለህ ወጣህ። ባዘዘው ሸክላውን የከፈተው አንተ ከወጣህ በኋላ ነው፤ ሄድፎኑን ያላየኸውም ለዚህ ነው። ጠዋት ‹ሸክላው ሲዞር ተገኘ› ሲባል ሰማህ፤ መናኸሪያ መታየትህን ስነግርህም በዚያው ወሬ ላይ ውሸትህን ሠራህ። የሚዞር ሸክላ ሁሉ የሚጮህ መሰለህ። ለእማማ ልጅ ለቅሶ ደርሰህ ቢሆን ኖሮ በዚህ ግቢ ሸክላ እንደማይጮህ ታውቅ ነበር።»

ዘመነ ግድግዳውን ተደገፈ። «ስሜን አልፈልግም ያለው እሱ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የጣለውን ባነሣ ምን አለበት? ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ዕድል ነበር የጠበቅሁት።»

ፖሊሱ እጁን ይዞ አወጣው። ወይዘሮ አገሬ ቀና ብለው አላዩትም።

«ልጄ ማሲንቆ ይመታ ነበር?» አሉ።

«ይመታ ነበር፣ እናቴ» አለች ብሩክታይት። «ሊነግርዎት ነበር።»

ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ወደ ማጫወቻው ጠቆሙ። «ያን ሽቦ ንቀይው። የኔ ልጅ ለዛሬ ይቅር ይለኛል።»

ይርገዱ ነቀለችው። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ፤ ጎርናና ነው፤ ለቢቸና ጆሮ አይጥምም። ከሥሩ ማሲንቆው ተነሣ። ወይዘሮ አገሬ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

«ይኼ ያባቱ ዜማ ነው» አሉ። «አባቱ ሌሊት ማኅሌት ሲቆም የሚያዜመው ነው። ምን ብሎ ነው የፈራን?»

እንባቸው ያኔ መጣ። መምሬ ኃይለ ሚካኤል መስቀላቸውን አውጥተው በሬሳው አቅጣጫ ቆሙ። ማሲንቆው እስኪያበቃ ግን ፍትሐቱን አልጀመሩም።