ከፊት የወረደው አስጎብኚ

የጥንት ሕንፃዎች አጥኚው በአሮጌው ከተማ ግንብ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ከመጣ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም፤ ሻንጣው እንኳ ከታክሲው አልወረደም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ባለታክሲው በግንቡ አስጎብኚ ጥቆማ በካቴና ታስሯል።

«እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት፤ ከእኔ ሌላ ውሃ የሚያቀብላት የለም! መኪና ወደ አሮጌው ከተማ ስለማይገባ በሩ ላይ ነበር የጠበቅኩት።»

«በመንገድ ላይ ምን አወራችሁ?»

«‹ግንቡን የሰባት መቶ ዓመት ነው ይሉታል፤ የአያቴን ዕድሜ እንኳ አይሞላም፤ ነገ ይፋ አወጣዋለሁ› አለኝ።»

«ለማን ነገርክ?»

 መልሱን የሰጠችው በበሩ አጠገብ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናት።

«እንግዳ ባመጣ ቁጥር ወሬውን በር ላይ ማራገፍ ልማዱ ነው! ‹ጋሼ፣ ግንብዎ በዕድሜ ያንስዎታል አሉ› ብሎ በአስጎብኚው ሳቀባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ ክፍል ላዘጋጅ ገባሁ።»

አስጎብኚው ሸሚዙ ያልተጨማደደ ሽማግሌ ነበር።

«ባለታክሲው ተከትሎን ወጣ» አለ። «ስንወርድ እኔ ከፊት፣ ሟቹ ከመካከል፣ እሱ ከኋላ። ጩኸት ሰምቼ ብዞር ሰውየው ወድቋል።»

«ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚወርዱት?»

«ሃያ ዓመት ያከበርኩት የሙያችን ሕግ ነው። ሲወጣ ከኋላ፣ ሲወረድ ከፊት፤ እንግዳውን ቢያዳልጠው በገላችን እንድናግደው።»

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ብቻዋን ወጥታ ወረደች። ከዚያም ሦስቱን ከግንቡ ሥር ሰበሰበቻቸው። ሁለቱም ትከሻዎቿ የግራና የቀኙን ግድግዳ ኖራ ለብሰዋል።

«ደረጃው ሁለት ሰው አያሳልፍም። ሟቹ የወደቀው እስከ ታች ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ከፊት ከነበሩ፣ እርስዎን ሳይጥል በየት አለፈ?»

«ጥግ ይዤ...»

«ጥግ የለውም። ስለዚህ ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ እርስዎ ከኋላው ነበሩ። የሃያ ዓመት ሕግዎን ዛሬ ጣሱ፤ ጥሰቱን ለመሸፈንም ራስዎን ወደ ፊት፣ ይህን ሰው ወደ ኋላ አዛወሩ።»

ሽማግሌው የግንቡን ድንጋይ በእጁ ዳበሰ። አገልጋይ ሆኖ የገባ ሐሰት ሲያረጅ ጌታ ይሆናል።

«እግሩ ላይ ወድቄ ‹እኔ ስሞት ተናገረው› ብዬ ለመንኩት። ‹እውነት ቀጠሮ አይሰጥም› አለኝ። ያለዚህ ግንብ እኔ ማን ነኝ?»

ካቴናው ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ።

«ሂድ እንጂ!» አለችው ባለቤቲቱ ባለታክሲውን። «እናትህ ውሃ ጠምቷታል።»

እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑ አሁን ገብቶታል።

«ለሳቅ ነበር እኮ...»

ኢንስፔክተሯ ሻንጣውን ከመኪናው አወረደች።

«የሟቹ ሚስት ነገ ጠዋት ትደርሳለች። ከአውሮፕላን ማረፊያ አንተ ታመጣታለህ።»

«እኔ? ምን ብዬ ላዋራት?»

«ዝም ብለህ ንዳ።»