ንጉሡ ያደሩበት ቤት

«ንጉሡ ያደሩት እዚች ክፍል ውስጥ ነው!» አለች ፀደይ፣ ድምጿን እንደ አስጎብኚ አሳምራ። «ቤቱ ከተሠራ መቶ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል።»

ዘጠነኛ «ለ» ክፍል በሙሉ ከወረታ ገበያ ጀርባ ያለውን አሮጌ የግንድ ቤት ሞልቶታል። የአንድ አሮጌ ቤት ታሪክ ከሁሉ አሳምሮ የጻፈ ተማሪ ለውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል። ፀደይ ደግሞ ባሕር ዳር ለመሄድ ንጉሥ ቀርቶ መልአክም ታሳድር ነበር። ንጉሡን የፈጠረችላት ጓደኛዋ መሲ ናት። ባለቤቱ ጋሽ አዛናውም አልተቃወሙም፤ እንዲያውም ንጉሡ የተኙበትን አልጋ ያሳዩ ነበር፣ ያውም የሽቦ አልጋ።

ከቁሐር ሚካኤል ቀበሌ የሚመጣው የገበሬ ልጅ ባየህ ግድግዳውን ሲደገፍ አንድ ቁራጭ ምርጊት ወደቀ። አንስቶ ፈረከሰው።

«ቲቸር፣ ይሄ'ኮ የሩዝ ጭድ ነው!»

ሩዝ ወደ አገራቸው ወደ ፎገራ የገባው በአያቶቻቸው ዘመን መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። መምህር ውባየሁ ፀደይን አዩዋት። ጆሮዋ ጋለ።

«ኋላ ነው የተመረገው በያ!» ብላ መሲ በክርኗ ጎሰመቻት።

ጥሩ ውሸት ነበር፤ ማንም አያፈርሰውም። ፀደይ ልትናገር ስትል ጋሽ አዛናውን አየቻቸው። ቁራጯን ምርጊት ከባየህ ተቀብለው ብቻቸውን ይስቃሉ።

«ጋሽ አዛናው፣ እውነቱን ይንገሩን» አለች። «ቤቱን ማን ሠራው?»

«እኔና ባለቤቴ ደብሬ ነና! በተጋባን ዓመት የጤፍ ጭድ ቢጠፋ ጭቃውን በሩዝ ጭድ አቦካነው። ለካ ፍሬ ቀርቶበት ኖሯል፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው በቀለ!»

«በቀለ?»

«ለምለም ሆነ እንጂ! አንድ ጠዋት ብንነሣ የጎረቤት ላም ግድግዳውን በልታ በልታ፣ አንገቷን ጓዳ አስገብታ ደብሬን ታያታለች። ደብሬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ‹የመጀመሪያ እንግዳችን ናት› ብላ ጨው አላሰቻት።»

መምህር ውባየሁ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ታዲያ ለምን ንጉሥ አሉን?» አለች ፀደይ።

«እናንተ ንጉሥ ስትሉ ጊዜ፣ የላሟን ማን ይሰማኛል ብዬ ነዋ!» አሉና ቁራጯን ምርጊት ኪሳቸው ከተቷት።

«ጽሑፍ የምቀበለው እስከ ስድስት ሰዓት ነው» አሉ መምህሩ። ግማሽ ሰዓት ቀርቷል።

ፀደይ ስለ ንጉሡ የጻፈቻቸውን ሦስት ገጾች ቀደደች። «አበድሽ?» አለች መሲ።

ፀደይ የሽቦ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ገለጠች።

«ጋሽ አዛናው፣ የላሟ ስም ማን ነበር?»