አርባ አስቸኳይ መልእክት

ዘበኛው ሲሞት መድኃኒቱ ከከተማው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ አልተነሳም ነበር።

መርማሪው ደሴቷ ላይ የደረሰው በማግስቱ ጠዋት፣ ሌሊቱን ልትጠራው በተላከችው ጀልባ ነው። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። ጉልበቱ ግን ቀድሞት ወጥቷል። ከጀልባዋ ሲወርድ ነጂው ክንዱን ይዞ ደገፈው። ሰላሳ ሰው የምትጭን ጀልባ ስለሚነዳ በቀልድ ካፒቴን ይሉታል።

ጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ነው። አስከሬኑ አንሶላ ለብሷል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ስልሳ ዓመት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሁለት ጠባብ ቀዳዳ። ሣር ሲያጭድ እባብ ነድፎት ነው።

«እባብ ማሰር አልችልም» አለ መርማሪው። «ለምን ጠራችሁኝ?»

ነርሷ እንቅልፍ ያላየ ዓይኗን አሸች።

«ሦስት ሰዓት ላይ መድኃኒት እንዲልኩልኝ ጽፌያለሁ። ሆስፒታሉ ምንም አልደረሰንም ይላል። ሚስቱ ደግሞ አልላክሽም፣ ባሌን ገደልሽው እያለች ነው።»

ደሴቷ ኔትወርክ የላትም። ያላት ጀልባዋ ላይ የተገጠመ፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው። ሰው ወደቡ ላይ ቆሞ መልእክቱን ከስልኩ ወደ ሳጥኑ ይልካል። ጀልባዋ አራት ሰዓት ላይ ትነሳለች። ከተማው ዳርቻ ስትደርስ ሳጥኑ የያዘውን ሁሉ ያራግፋል። ከሰዓት በኋላ መልሱን ይዞ ይመጣል።

«ለካፒቴኑ በአፍሽ አልነገርሽውም?»

«ሮጬ ልኬ ሮጬ ተመለስኩ። በሽተኛው ብቻውን ነበር።» አንሶላውን አስተካከለች። «በአፌ ብነግረው ኖሮ…»

ካፒቴኑና ሟቹ ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። ይህን መርማሪው ወደቡ ላይ ከሦስት ሰው ሰማ፤ ሦስቱም ሳይጠየቁ ነገሩት።

«ሳጥኑን ነክተኸዋል?»

«እኔ የማውቀው መሪዬን ነው» አለ ካፒቴኑ።

«ከዘበኛው ጋር በምን ተኳረፋችሁ?»

«ፍየሉ የዓሣ መረቤን ቀደደችብኝ። አሁን በፍየል ሰው ይገደላል?»

ከዚህም ባነሰ ነገር ሰው ሲገደል አይቷል መርማሪው።

ሳጥኑን የሚጠግነው ቴክኒሻን አብሮት ከከተማ መጥቷል። ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር አገናኘና ዝርዝሩን አወጣ።

«የነርሷ መልእክት ገብቷል። ሦስት ሰዓት ከአምስት። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ተጥሏል።»

«ማን ጣለው?»

«ሳጥኑ ራሱ። ሲሞላ ለአዲሱ ቦታ ለመልቀቅ የቆየውን ይጥላል።»

«የሰው ነፍስ ያለበትን?»

«እሱ ምን ያውቃል? አስቸኳይ የተባለውን ወደ መጨረሻ ነው የሚጥለው። ግን እዚህ አስቸኳይ ያላለ ማን አለ? የሠርጉ ጥሪ አስቸኳይ፣ እንኳን ተወለድክ አስቸኳይ።»

«በዚያ ሰዓት ማን ሞላው?»

«አርባ ፊልም ገብቷል። አርባውም አንድ ዓይነት፣ አርባውም አስቸኳይ። ከትምህርት ቤቱ ታብሌት ነው። ተቀባይ ስላልተጻፈባቸው እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ ናቸው።»

ታብሌቱ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ፣ አንዱ ወጣቱ የሒሳብ አስተማሪ ዘንድ። መርማሪው በወጣቱ ጀመረ።

«ትናንት ጠዋት ምን ላክህ?»

«የዝውውር ማመልከቻ። ከራሴ ስልክ» አለ ወጣቱ። «የመጨረሻው ቀን ትናንት ነበር።»

መርማሪው ቴክኒሻኑ የጻፈለትን ወረቀት አየ። ከነርሷ መልእክት ቀጥሎ የተጣለው ይኸው ማመልከቻ ነው። ሰው የገዛ ደብዳቤውን አያስጥልም።

«ማመልከትህን ማን ያውቃል?»

«ጋሼ ብቻ። ርዕሰ መምህሩ። እሳቸው ናቸው የፈረሙልኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። መርማሪው ጉልበቱን ይዞ ከፊታቸው ተቀመጠ።

«ሳጥኑ ሲሞላ የቆየውን እንደሚጥል ያውቃሉ?»

«ለደሴቱ ሰው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪው የቴክኒሻኑን ወረቀት ፊታቸው ዘረጋ።

«በሦስት ዓመት ሦስት አስተማሪ ሄደብኝ» አሉ ሽማግሌው። «ይሄ አራተኛው ነው። ላለመፈረም ደግሞ መብት የለኝም። ቀኑ እንዲያልፍበት ብቻ ነበር የፈለግኩት። ልጆቹ ፈተናቸውን እስኪጨርሱ እንዲቆይልኝ።»

«ዘበኛው መነደፉን ሰምተው ነበር?»

«የሰማሁት ጀልባዋ ከሄደች በኋላ ነው። እጁን ይዤ ‹አይዞህ፣ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ነው› ስለው ዋልኩ።»

«መቼ ገባዎት?»

«ጀልባዋ ባዶ እጇን ስትመለስ።»

«ነርሷን ገዳይ ሲሏት ግን ዝም አሉ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ሁለት ጊዜ ልናገር ተነሳሁ። አፌ ተሳሰረ።»

«አሁን ይፈታል» አለ መርማሪው። «እሷም ሚስቱም ባሉበት።»

ወደቡ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሁሉንም ተናገሩ። አንድም አላስቀሩም። ወጣቱ አስተማሪ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። የሟቹ ሚስት ነርሷን አየቻት፤ ሄዳም ትከሻዋ ላይ ግንባሯን ጣለች። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ትሰድባቸዋለች ብሎ የጠበቀ ብዙ ነው።

«ፊልሙ የምንድን ነው?» አለች።

«ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያነሳሁት ነው። ልጆቹ ሲዘምሩ።»

«እሱ አለበት?»

«አለበት። በሩን ይዞ ቆሞ ይስቃል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ወደ ቴክኒሻኑ ሄደች።

«ፎቶግራፉ እንኳ የለኝም» አለችው። «ሠላሳ ዘጠኙን ጣሉት። አንዱን ለእኔ ተዉልኝ።»